ይርገዱ ለምን ትደበቅ?

ቡልቻ በውጭ አገር በሶፊያ ከተማ የእንስሳት ሕክምና ተምሮ ድሬዳዋ ከተመለሰ ገና ወሩ ነው። የቀበሌውን ካድሬ ንግግርም የእናቱን ጸሎትም እኩል ይጠራጠር ነበር። አንድ ማለዳ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ዳር ሲያልፍ ጎረቤቱን ባለጋሪውን ጋሽ ካሣን አገኛቸው። ዕውሩን ፈረሳቸውን ዳማን ልጓሙን ይዘው በእግራቸው ይመራሉ። ጋሪው ላይ እግሮቿ የማይታዘዙላት ልጃቸው ይርገዱ በነጠላ ተሸፋፍና ተቀምጣለች።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ካሣ፤ በጠዋቱ ወዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ወደ መናኸሪያ። ቢዮ አዋሌ ገጠር፣ አክስቷ ዘንድ ልልካት ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነገ ታላቅ እህቷን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ይችን ካዩ ‹በዘራቸው አለ› ብለው ይቀራሉ።»

ቡልቻ ወደ ፈረሱ ዞረ። «ዳማንስ ለምን ያደክሙታል? እኛ የተማርነው እንዲህ ያለው በመርፌ እንዲያርፍ ነው።»

«መርፌህን ለራስህ ያዝ፣ ዶክተርዬ። ሌላው ባለጋሪ ለጅብ ይጥላል፤ እኔ አልጥልም። የፈጠረው ጌታ ዓይኑ ስለጠፋ አልተወውም።»

«አቦ፣ ዳማስ ታድሏል» አለች ይርገዱ ከነጠላው ውስጥ። «እሱ እንኳ በፀሐይ ይታያል።»

ቡልቻ የመርፌውን ነገር በማንሳቱ አፈረ።

«ጋሽ ካሣ፣ ዳማ በማን ኃጢአት ታወረ?»

«ከብት ምን ኃጢአት አለው?»

«ይርገዱስ ስትወለድ ምን ኃጢአት ነበራት?»

«የእኔ ይሆናላ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

«እኔ ብዙ ነገር እጠራጠራለሁ። ክርስቶስ ከሞት ሲነሣ የቆሰለ እጁን ለወዳጆቹ ማሳየቱን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ልረሳው አልቻልኩም። እሱ ያልደበቀውን እኛ ለምን እንደብቃለን?»

«ሽማግሌዎቹ ቢቀሩስ? የትልቋ ዕድል መበላሸቱ አይደለም?»

«ሊቀሩም ይችላሉ፤ አይቀሩም ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ነገ ትልቋ እንደ ይርገዱ ያለ ልጅ ብትወልድ እነዚያ ሰዎች ወዴት ይልኩታል?»

ጋሽ ካሣ የዳማን አንገት ሲያሻሹ ቆዩ። በኋላ ልጓሙን ወደ ቤት ሳቡ። ዳማ አሸዋው ውስጥ አልንቀሳቀስ አለ። ይርገዱ ነጠላውን ከፊቷ ገልጣ በስሙ ስትጠራው ግን ጆሮውን አቁሞ ዞረ።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ይርገዱ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አንደኛው «ይችስ ማን ናት?» ብለው ጠየቁ።

«ልጄ ናት» አሉ ጋሽ ካሣ። ለእንግዳ ተናግረውት አያውቁም ነበር።

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «እግዜር ያሳድግልዎ» ብለው ወደ ጉዳያቸው ገቡ። ትልቋም ተዳረች።

ከዚያ ወዲህ ይርገዱ ከአባቷ ጋር ጋሪው ላይ ትወጣለች፤ ዳማ በድምፅዋ እየተመራ ስለሚሄድ ጋሽ ካሣ በእግር መምራቱ ቀርቶላቸዋል። ጎረቤታቸው በድሪያም ይህን አይታ መስማት የተሳናትን ልጇን ከጓዳ አውጥታ ደጃፉ ላይ ማስቀመጥ ጀመረች። ቡልቻ ዛሬም ይጠራጠራል። የዳማን ኮቴ ሊያይ ሲመጣ ግን የመርፌውን ነገር አያነሣም።