ስልሳ ሁለት ጊዜ «የለም»

ክቡር ዳይሬክተራችን ዶክተር ረታ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ልጆቼ፤

ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። ኬኩ ላይ «ሲስተር ምሥራቅ፣ መልካም ጡረታ» ተብሎ ተጽፏል። በአርባ ስድስት ዓመቷ ጡረታ የወጣች ነርስ ናይሮቢ ውስጥ የመጀመሪያዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ይሁን፤ «ሪፖርቱን አልፈርምም ብላ ተባረረች» የሚለው ለኬክ ይረዝማል።

ዶክተር ቅድም አምስት ዓመት ሙሉ ተማሪ ተመራማሪዎችን አሠልጥኜ ፍሬ እንዳፈራሁ ተናገሩ። ፍሬውን እስቲ እንየው? የዘንድሮው ሥራችን ሠራዊቱ ሲበተን ድንበር አቋርጠው እዚሁ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር የገቡትን የቀድሞ ሴት ወታደሮች ስለ ማህፀናቸው ጤና መጠየቅ ነበር። ተመራማሪዎቼም ወረዱ። ጢሞቴዎስ አዲሱን ጫማ ጭቃ እንዳይነካበት ከማታቱ ታክሲው ወደ ድንጋይ፣ ከድንጋይ ወደ ደጃፍ እየዘለለ። ሌሎቹ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው። ለአምስት በአንድ ክፍል የሚኖሩ ሴቶችን «ምስጢርዎ ይጠበቃል» ይሏቸዋል፤ አራቱ አጠገባቸው ቁጭ ብለው እየሰሙ!

ሲመለሱ ጢሞቴዎስ ቅጾቹን ጠረጴዛዬ ላይ ከመረና፣ «ሲስተር፣ ሀኩና ሺዳ፣ ችግር የለም! ሁሉም ኖ ነው» አለኝ።

«ሁሉም?»

«ስልሳ ሁለቱም። ዳታው ክሊን ነው። ደግሞ ሲያከብሩን! ፎርሙን ስናወጣ ብድግ ብለው፣ ቆመው ነው የመለሱልን።»

እርግዝና? የለም። ውርጃ? የለም። ያልተለመደ ደም? የለም። ዓመታት ጦር ሜዳ የኖሩ ስልሳ ሁለት ሴቶች፣ አንዲትም ያረገዘች የለችም! ገዳም ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ ጉድ አይሰማም። በዚህ ያልተገረመ ዶክተር የት ይገኛል? እዚሁ አለልን፤ ከኬኩ በስተግራ።

ዶክተር ረታ «ችግር አልተገኘም» ብለው ጻፉ። ችግር ከሌለ ሐሙስ ሐሙስ እነዚሁኑ ሴቶች የምናክምበት የኢስትሊው ክሊኒክ ምን ያደርጋል? በመጪው ወር ይዘጋል ተባለ።

በዚያው ሳምንት ውባንቺ ክሊኒኩ በር ላይ ወደቀች። የቀድሞ አሥር አለቃ ናት፤ «የለም» ካሉት አንዷ። ቀሚሷ በደም ርሷል። ስትነቃ፣ «ቅጹን ለሞላው ልጅ ለምን አልነገርሽውም?» ብዬ ተቆጣኋት።

«ምሥራቅ» አለችኝ፣ «ወረቀት የያዘ ሰው ስለ ማህፀናችን ሲጠይቀን ምን ነበር የምንለው? ረሳሽው እንዴ?»

አልረሳሁም። አብዛኞቻችሁ አታውቁም እንጂ እኔም እዚያው ሠራዊት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ። በእኛ ክፍል በየሦስት ወሩ ተሰልፈን አንድ መኮንን መዝገብ ይዞ ይጠይቀን ነበር። ያረገዘች ትባረራለች። የታመመች ስሟ በሰልፉ ፊት ይነበባል። እኛም ቀጥ ብለን፣ ተረከዝ ገጥመን፣ «የለም!» እንላለን። ከዚያ በኋላ ጫካ ገብተን ያደረግነውን እኛና እግዚአብሔር እናውቀዋለን።

ይህን ለዶክተር ነገርኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ሲስተር፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ቁጥር ቁጥር ነው።» ክቡር ሆይ፣ ሪፖርትዎን ንቄዋለሁ። እርስዎንም ጨምሬ።

የባሰውን ግን ገና አልነገርኳችሁም። ቅጽ ቁጥር ሠላሳ አንድ እኔ ነኝ። የጠየቀችኝ ያኤል ናት፤ ያቺ በሩ አጠገብ የተቀመጠችው። ወረቀቱን ስታወጣ ሳላውቀው ተነሳሁ። ለሁሉም «የለም» አልኩ። ልጅቷ ብዕሯን አስቀመጠችና፣ «ሲስተር፣ ለምን ቆሙ?» አለችኝ። እኔስ? «ቅጹ ላይ የሌለ ጥያቄ አይጠየቅም!» ብዬ ጮኽኩባት። አምስት ዓመት ሙሉ ያሠለጠንኳችሁ ይህንኑ ነው። እንግዲህ ጢሞቴዎስን ለመውቀስ ምን አፍ አለኝ?

ያኤል፣ የቆምኩት ፈርቼ ነው። መልሴም ውሸት ነበር። ሁለት ጊዜ አርግዣለሁ። ሁለቱንም አጥቻለሁ፤ ሁለተኛው ማህፀኔንም ይዞ ሄደ። ይህን ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም።

ዛሬ ጠዋት ቅጽ ሠላሳ አንድን በእጄ አርሜ፣ ሙሉ ስሜን ጽፌበት፣ ለረጂዎቻችን በፋክስ ልኬዋለሁ። ዶክተር፣ አይደንግጡ፤ የእርስዎ ስም የለበትም። ክሊኒኩ ሊዘጋ ይችላል። ከእንግዲህ ግን «አላወቅንም» ተብሎ አይዘጋም።

በሉ ልመርቃችሁ። ዶክተር፣ እግዚአብሔር ልብ ይስጥዎ። ጢሞቴዎስ፣ መጠርጠርን ይስጥህ። ያኤል፣ በጮኽኩብሽ ይቅር በይኝ፤ ከእኔ የተሻለች አስተማሪ ያድርግሽ። ሌሎቻችሁም ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፤ በታመማችሁም ጊዜ ጠያቂ አያሳጣችሁ።