ሟቹ በር ላይ ቆሟል

(ቅዳሜ ረፋድ፣ በአንድ የዞን ከተማ ማረሚያ ቤት፤ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ስምንት ዓመት የታሰረው ገበሬ አንለይ እና የይቅርታ ጉዳይ ኃላፊው ኢንስፔክተር ሽታሁን፣ ከቢሮው ወለል ላይ አንድ ጥቁር ድንጋይ መሃላቸው አስቀምጠው ይጨቃጨቃሉ።)

አንለይ፦ አልሸከምም አልኩ! ያለኝ አንድ አፍ ነው፣ ስንቴ ልናገር?

ሽታሁን፦ ኧረ አንለይ፣ ይቺም ድንጋይ ሆና? ኩንታል ስትሸከም የኖርክ ሰው! ለአንድ አፍታ ማጅራትህ ላይ ታደርጋታለህ፣ ሽማግሌዎቹ ያወርዱልሃል፣ በቃ፣ ዛሬውኑ ቤትህ ነህ።

አንለይ፦ የከበደኝ ድንጋዩ መሰለዎት? ቃሉ ነው የከበደኝ። «ጥጋቡን ገድያለሁና ይቅር በሉኝ» በል ነው እኮ የምትሉኝ።

ሽታሁን፦ ወግ ነዋ! የገደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ቤተሰብ እግር ሥር ይወድቃል። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲሉት ይነሳል። አባቶቻችን ያቆዩት ነው፤ እኔ አላመጣሁትም።

አንለይ፦ አባቶቻችንማ የገደለውን ነው ያሸከሙት። ለመሆኑ ሟቹ ማን ነው?

ሽታሁን፦ ጥጋቡ።

አንለይ፦ የት ነው ያለው?

ሽታሁን፦ አሁን ይሄ ምን ይሠራል?

አንለይ፦ የት ነው ያለው ጌታዬ?

ሽታሁን፦ በር ላይ ቆሟል።

አንለይ፦ ምን ያደርጋል?

ሽታሁን፦ ሸንኮራ ይመጥጣል።

አንለይ፦ እሰይ! የኔ ሟች ሸንኮራ ይመጥጣል! ጥርሱም ደህና ነው ማለት ነው። እኔ እዚህ መንጋጋዬ ረግፎ፣ እሱ ሞቶ ሸንኮራ ይመጥጣል!

ሽታሁን፦ አትቀልድ አንለይ። ጊዜ የለንም፤ የይቅርታ ኮሚቴው መንገድ ላይ ነው።

አንለይ፦ እኔ ነኝ የቀለድኩት? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። በእርሻ ወሰን ተጣላን። ገበያ መሃል ተሰዳደብን። እሱ ተናዶ ለእናቱ እንኳ ሳይናገር ሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወረደ። በወሩ ወንዙ ፊቱ የማይለይ ሬሳ ተፋ። «ጥጋቡ ነው፤ የገደለውም ባለፈው የሰደበው አንለይ ነው» ተባለ። ተለቀሰ፣ ተቀበረ፣ ተዝካሩ ተበላ። እኔንም አሰራችሁ። ዘንድሮ ለፋሲካ ሰውየው ሚስቱን ከፊት፣ ልጁን በትከሻው አድርጎ ከተፍ አለ! እስቲ የቱ ጋ ነው የኔ ቀልድ?

ሽታሁን፦ አውቃለሁ። እናቱ ሲያዩት «በስመ አብ!» ብለው ወደቁ አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይሄ ነው።

አንለይ፦ እውነቱስ ጠራ፤ እግር አውጥቶ ሄዶ በራችሁ ላይ ቆመ። እናንተ ናችሁ ያልነጋላችሁ። ታዲያ «ሰውየው አልገደለም፣ ይፈታ» ማለት ምኑ ይቸግራል?

ሽታሁን፦ እኔ ብሆን አሁኑኑ እፈታህ ነበር። ግን በፍርድ የገባ በፍርድ ነው የሚወጣው። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ጥጋቡ ራሱ ቀርቦ «አልሞትኩም» ብሎ ይመስክር አለ።

አንለይ፦ ቀረበ አይደል እንዴ?

ሽታሁን፦ ቀረበ። «መታወቂያህን አምጣ» ተባለ። ቀበሌ ሄደ። ቀበሌው «ጥጋቡ የሚባል ሰው እኛ ዘንድ ሞቷል፣ ለሞተ ሰው መታወቂያ አንሰጥም፤ መሞትህን ፍርድ ቤት ያንሳልህ» አለው። ተመልሶ ሄደ። ፍርድ ቤቱ «መሞትህ የጸናው በአንለይ ፍርድ ነው፤ የእሱ ፍርድ ሳይነሳ አንተ አትነሳም» አለው።

አንለይ፦ የኔ ፍርድ የሚነሳው ደግሞ እሱ ሲመሰክር ነው።

ሽታሁን፦ እንደሱ ነው።

አንለይ፦ ጉድ እኮ ነው! ጌታ አልዓዛርን ከመቃብር ሲጠራው መታወቂያ አልጠየቀውም!

ሽታሁን፦ ምን ላድርግ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

አንለይ፦ ሞኙ እንኳ ሲመክሩት ይለቅ ነበር።

ሽታሁን፦ ለዚህ ነው እኮ በይቅርታ ውጣ የምልህ። በክርክር ካልን ዓመትም ሁለት ዓመትም አይበቃም። ይቅርታው ግን ዛሬ ነው። ትጸጸታለህ፣ ከሟች ቤተሰብ ትታረቃለህ፣ ትወጣለህ። ቴሌቪዥንም መጥቷል።

አንለይ፦ ቴሌቪዥን ለምን አስፈለገ?

ሽታሁን፦ ለ... ለትምህርት። ሌላው እንዲማርበት።

አንለይ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ወሬው አገር አዳረሰባችሁ። «ሰው ሳይገድል ያሰሩት ገበሬ» የሚለው እንዲጠፋ፣ «ገዳዩን መንግሥት ማረው» ሊባል ነው። እኔ ወንጀለኛ፣ እናንተ ርኅሩኅ! ጥጋቡንስ ለምን በር ላይ አቆማችሁት? ለምን አይገባም?

ሽታሁን፦ ካሜራው ውስጥ እንዳይገባ ተብሎ ነው።

አንለይ፦ ታዲያ ማን እግር ሥር ነው የምወድቀው?

ሽታሁን፦ አጎቱ ይቀመጣሉ። በሟች ፈንታ።

አንለይ፦ እሳቸውስ እሺ አሉ?

ሽታሁን፦ አፍረዋል። መሬት መሬት ነው የሚያዩት። ግን ከበላይ ተነግሯቸዋል፣ እሺ አሉ።

አንለይ፦ የሟች አጎት አፈሩ፣ ሟቹ በር ላይ ተደበቀ፣ ገዳዩ አልገደለም። የማያፍረው እናንተ ብቻ!

ሽታሁን፦ ድምፅህን ቀንስ እባክህ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ከመንግሥት ጋር እልህ ተጋብቶ ያተረፈ ማን አለ? ሾልከህ ውጣ። አንተም እኛም እውነቱን እናውቃለን።

አንለይ፦ እኔና እርስዎ ብናውቀው ምን ይጠቅማል? ልጄን የሻረግን ሊያገቧት ሽማግሌ መጥቶ ነበር። የልጁ አባት «ከነፍሰ ገዳይ ቤት አልጋባም» ብሎ አስመለሰው። ጥጋቡ ሲመጣ ሰውየው አፍሮ ሽማግሌዎቹን እንደገና ሊልክ ነው ተባለ። ዛሬ ማታ ደግሞ በቴሌቪዥን ራሴ «ገድያለሁ» ልበለው? የገዛ ልጄን ልቅበራት?

ሽታሁን፦ ስለ የሻረግ ካነሳህስ ልንገርህ። እሷም በር ላይ ናት። ገና ጎህ ሳይቀድ ነው የመጣችው።

አንለይ፦ ምን? ለምን አልነገሩኝም?

ሽታሁን፦ አዲስ ጋቢ ይዛለች። ራሷ የፈተለችው ነው አለችኝ። «አባዬ በዛ በእስር ቤት ብርድ ልብስ ተጀቡኖ አገር እንዲያየው አልፈልግም» አለች።

አንለይ፦ ልጄን...

ሽታሁን፦ «ገድያለሁ ካለ የአባትሽ ስም ይጠፋል፣ ባሉም ይቀርብሻል» ብዬ ነገርኳት። ምን አለችኝ መሰለህ? «የፈለጉትን ይበል፤ ብቻ ይውጣልኝ፤ ባሉ ይቅርብኝ» አለች።

አንለይ፦ እንደሱ አለች?

ሽታሁን፦ እግዜር ይመስክርብኝ።

አንለይ፦ እናቷ ስትሞት እንድቀብራት አንድ ቀን ፍቀዱልኝ አልኳችሁ፤ «ከባድ ወንጀለኛ ነው» ብላችሁ ከለከላችሁኝ። ያቺ ልጅ ብቻዋን ነው እናቷን የቀበረችው። ገና ልጅ ነበረች፣ ጡት እንኳ አላወጣችም! አሁን ደግሞ ለኔ ብላ ትዳሯን ትተዋለች። ምን ዓይነት ኑሮ ነው ይሄ? ምን አድርጌያችሁ ነው?

ሽታሁን፦ አታልቅስ። አንለይ፣ አታልቅስ በናትህ። እኔም ሰው ነኝ።

አንለይ፦ ይስጡኝ ድንጋዩን።

ሽታሁን፦ እውነትህን ነው?

አንለይ፦ ልጄ ከደጅ ቆማ ሐሩር ሊመታት ነው። ይስጡኝ፣ ልሸከም።

ሽታሁን፦ እግዜር ይስጥህ! እግዜር ይባርክህ! እንግዲያው ካሜራ ፊት እንዳትደናገር አንዴ እንለማመድ። ሽማግሌው እኔ ነኝ። ጎንበስ በል። እንዲህ። ማጅራትህ ላይ፣ በሁለት እጅህ ደግፋት። በል ተናገር።

አንለይ፦ እኔ አንለይ ተገኘ...

ሽታሁን፦ ጎሽ።

አንለይ፦ የዛሬ ስምንት ዓመት... ጥጋቡን...

ሽታሁን፦ አዎ፣ ጥጋቡን?

አንለይ፦ ጥጋቡን ሰድቤዋለሁ።

ሽታሁን፦ ኧረ በፈጠረህ!

አንለይ፦ እሱን ነው ያደረግኩት። «የወሰን ሌባ» ብዬዋለሁ፣ እናቱንም ጨምሬ ሰድቤያለሁ። ለእሱ ይቅር ይበሉኝ።

ሽታሁን፦ ለስድብ ማን ዕድሜ ልክ ፈረደብህና! እንደገና። «ጥጋቡን ገድያለሁ።»

አንለይ፦ ጥጋቡን ገ... ጥጋቡን ገ... አይወጣም።

ሽታሁን፦ ዓይንህን ጨፍነህ በል። ለየሻረግ ስትል።

አንለይ፦ ጌታዬ፣ ያ በጥጋቡ ስም የተቀበረው ሰውዬ ማን ነው?

ሽታሁን፦ አሁን የዚያ ወሬ ከየት መጣ?

አንለይ፦ ሬሳውን እኔ ነኝ ከውሃ ያወጣሁት። ፖሊስ «አንተ ያደረግከውን አንተው አውጣ» ብሎኝ። ደረቱ ላይ የእናት ክታብ ነበረው፣ በጥቁር ክር። አንድ ሰው እንኳ «የማን ልጅ ነው?» ብሎ ጠይቋል?

ሽታሁን፦ አልጠየቀም።

አንለይ፦ ጥጋቡ ከመጣስ ወዲህ?

ሽታሁን፦ ማንም አልጠየቀም።

አንለይ፦ እዚያ ማዶ አንዲት እናት ዛሬም ከደጅ ዓይኗን አትነቅልም። «ልጄ ቆላ ወርዶ ቀረ፣ አንድ ቀን ይመጣል» ትላለች። እኔ «ገደልኩ» ካልኩ ሟቹም ጥጋቡ፣ ገዳዩም አንለይ ሆኖ ነገሩ ተዘጋ። የዚያችን እናት ልጅ ከዚህ ወዲያ ማን ይፈልገዋል? የጠፋ መሆኑን እንኳ የማውቀው እኔ ብቻ ሆኜ ልቀር ነው።

ሽታሁን፦ አንለይ...

አንለይ፦ አንገቴ ዛለ። ሽማግሌ ነኝ ብለው የለ? ያውርዱልኝ።

ሽታሁን፦ ና፣ ወዲህ በል። ቀስ! ቀስ፣ ጣቴን! በቃ ይዤዋለሁ፣ ልቀቀው።

አንለይ፦ ያዙት?

ሽታሁን፦ ያዝኩት። እንዴ! ለካስ ትከብዳለች።

አንለይ፦ አያስቀምጡት።

ሽታሁን፦ ምን?

አንለይ፦ አያስቀምጡት አልኩዎት። ወደ ማጅራትዎ ከፍ ያድርጉት። አሁን ደግሞ ሽማግሌው እኔ ልሁን። ተበዳዩም እኔው ነኝ።

ሽታሁን፦ አብደሃል? ማዕረግ ለጥፌ?

አንለይ፦ ማዕረጉ እንዲሸከመው ነው እኮ የፈለግኩት! በሽታሁን ምን ቂም አለኝ? ሚስቴ የሞተች ዕለት ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ አብሮኝ ያለቀሰው ሽታሁን ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ጌታዬ። የመረመረኝ ፖሊስ፣ የከሰሰኝ ዐቃቤ ሕግ፣ የፈረደብኝ ዳኛ፣ ጥጋቡ ከመጣ ወዲህ አንዳቸው በዚህ በር ገብተው «አጥፍተናል» አላሉኝም። መሬት ስጡኝ አላልኩ። ቃል ነው የጠየቅኩት፤ ቃል ምን ያስከፍላል?

ሽታሁን፦ እኔ መንግሥት አይደለሁም እኮ።

አንለይ፦ አዎ! ስታስሩኝ ሁላችሁም መንግሥት ናችሁ። ስትጠየቁ አንዳችሁም መንግሥት አይደላችሁም።

ሽታሁን፦ ልጆች አሉኝ አንለይ። ይሄ ቢሰማ...

አንለይ፦ እኔም ልጅ አለችኝ። በር ላይ ናት።

ሽታሁን፦ ሰው ይመጣል አንለይ፣ ላስቀምጠው።

አንለይ፦ አልችልም ካሉ ያስቀምጡትና ወደ ክፍሌ ይመልሱኝ። አልቀየምዎትም።

ሽታሁን፦ ይኸው፣ ማጅራቴ ላይ አደረግኩት። ጋሼ አንለይ።

አንለይ፦ አቤት።

ሽታሁን፦ አጥፍተናል። እያወቅን ነው ያጠፋነው። ጥጋቡ የመጣ ዕለት ይህን በር ከፍተን እግርዎ ሥር መውደቅ ነበረብን። ይቅር ይበሉኝ።

አንለይ፦ እህ።

ሽታሁን፦ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይበሉኝ እንጂ! እንደሱ አይደል ወጉ? ልቤን ሊያወጡት ነው?

አንለይ፦ ሽታሁንን ይቅር ለእግዚአብሔር ብያለሁ። ከልቤ ነው።

ሽታሁን፦ ተመስገን። ወይኔ፣ መኪናው! ኮሚቴው ገባ። አለቃዬም አለ፣ ካሜራውም። ወደዚህ እየመጡ ነው፣ ጋሼ አንለይ፣ ቶሎ ያውርዱልኝ!

አንለይ፦ አላወርድልዎትም። የእርስዎን ይቅር ብያለሁ፤ ድንጋዩ ግን የእነሱ ነው። እንደተሸከሙት ይውጡና ያቀብሏቸው።