እጥበት የሚያስረዝመው ቀሚስ

ካርቱም ውስጥ ከካላክላ ወደ ዴም በሚሄደው ሀፍላ፣ በአውቶቡሱ ተሳፍሬ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሐበሾች ያወራሉ፤ አንዷ ወጣት፣ ሌላዋ ጠና ያሉ እናት።

«የምሠራላት ማዳሜ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ» አለች ወጣቷ።

«ከምን ላይ ወድቃ?»

«ከምንም። ቆማ ዞር ስትል ነው።»

«ያ ረቢ! የሀብታም አጥንት!»

«ሐኪሙ በሽታው ሀብታም ድሃ፣ ሱዳን ሐበሻ አይልም ነው ያለው። ዕድሜ ሲገፋ የብዙ ሴት አጥንት ይሳሳል አለ።»

«እኛንስ ሥራው አጠንክሮናል።»

«መጀመሪያ የጠየቃት ቁመትሽ ቀንሷል ወይ ብሎ ነው።»

«ትልቅ ሰው ያጥራል እንዴ?»

«አጥንቱ ከሳሳ ጀርባው ይጎብጣል፣ ያጥራል አለ።»

«እኔን ያስቸገረኝ ቀሚሴ ነው። ዘንድሮ ሁለቴ አሳጠርኩት፣ ይኸው አሁንም መሬት ይጠርጋል። እጥበት እየሳበው ነው።»

«እትዬ፣ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል እንጂ ይረዝማል እንዴ?»

«የቻይና ጨርቅ ነዋ!»

ወጣቷ ጎንበስ ብላ የቀሚሱን ጫፍ አየች።

«ማዳምሽ አሁን ትራመዳለች?» አሉ እናትየዋ።

«ኢንሻአላህ ትላለች።»

ዴም ስንደርስ ልወርድ ተነሳሁና ሳላስበው የቀሚሴን ጫፍ አየሁት።