ገበሩ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ጭንቅላቴን ኦፕራሲዮን ከሆንኩ በኋላ ጠባሳውን ሰው እንዳያይብኝ የሱፍ ባርኔጣ ገዛሁ። ችግሩ ገበሩ ነው፤ ያንሸራትታል። አንድ ቀን የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ውስጥ በመስኮት የገባ ነፋስ ከራሴ ላይ አነሳው፤ እንዴት እንዳፈርኩ አልነግራችሁም! በማግስቱ አቃቂ በሰቃ፣ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ዘይነባ ዘንድ ሄጄ "ገበሩን ያውጡልኝ" አልኳቸው። የባርኔጣውን ውስጥ ዳበስ ዳበስ አደረጉና "ልጄ፣ እስቲ ጎንበስ በል" አሉኝ። ጠባሳውን ቀረብ ብለው አዩት። "ይኼ ገና አልጠናም፤ ሱፉ ከነካው ያሳክክሃል። ገበሩ ይቆይ፣ እንዳይንሸራተት ዙሪያውን የጥጥ ጨርቅ እሰፋበታለሁ።"

እስኪጨርሱ ድረስ ደጃፋቸው ላይ ባዶ ራሴን አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ከማዶ አየኝና መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ጠባሳውን ሊያይ መስሎኝ በእጄ ሸፈንኩት። እሱ ግን እቅፍ አድርጎኝ "ሞተ ብለውኝ ነበር እኮ! እንኳን አተረፈህ!" አለና እንባው መጣ። "ዕድሜ ይስጥህ፣ ወንድሜ" ብሎም መረቀኝ።

እትዬ ዘይነባ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው "አሚን!" አሉ። እኔም ተከትዬ "አሜን" አልኩ።