ሮዝ መዶሻ

ዝናቡ ድንገት ቢወርድባቸው፣ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው ሽማግሌ ከተዘጋ ፋርማሲ በረንዳ ስር ተጠለሉ። ቀድማ የተጠለለች አንዲት ወጣት ነበረች፤ ቀና ብለው ቢያዩዋት የልጃቸው አብሮ አደግ ናት፤ የማስታወቂያ ሥራ ተምራ በዚያው ሙያ የምትተዳደር።

«እግዜር ነው ያገናኘን» አሏት ከሰላምታው በኋላ። «ገበያው ቀዝቅዟል፣ ልጄ። ኢንተርኔት ላይ ላለው ገጻችን አንድ ማስታወቂያ ሥሪልኝ። ደረቱ የሰፋ ጎረምሳ ድሪል ይዞ ይታይበት። ደግሞ ለወንዶች ብቻ ይድረስ፤ ለሴቶች ሄዶ በከንቱ አይባክን።»

«ሴቶች ለምን አይዩት፣ አባባ?»

«አንቺ ደግሞ። ሴት ስልኳን ስትከፍት ልብስና ሽቶ ነው የምታየው። ገጻችን ላይ አስተያየት የሚጽፈውን ተመልከቺ፤ ለመድኃኒት አንዲት ሴት የለችበትም። እኔስ መቼ አጓደልኩባቸው? እጀታው ሮዝ የሆነ ትንንሽ መዶሻ አስመጥቼላቸው ነበር፤ ይኸው አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።»

«ሮዝ ይሁንልን ያለዎት ማን ነው?»

ማንም አላላቸውም። እንዲያውም ተው ያለቻቸው ልጃቸው ነበረች።

ይህች ልጅ መደብሩ ውስጥ፣ በብሎንና በካቻቪቴ መሀል ያደገች ናት። አንድ ቀን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እንዴት እንደሚጠገን በገዛ እጇ እየሠራች፣ በገዛ ድምፅዋ እያስረዳች ቪዲዮ ለጠፈች። ከሥሩ አንዱ «ወደ ማጀትሽ» ብሎ ጻፈ፤ ሌሎቹ እየሳቁ ተንጫጩ። አባት ለገበያቸው ደነገጡ። ቪዲዮውን አስጠፉና ፒንሳ እንኳ መያዝ የማያውቀውን የእህታቸውን ልጅ ካሜራ ፊት አቆሙ፤ እሷን ካሜራ አስያዙ። ብዙም ሳትቆይ ሌላ ከተማ፣ ሌላ መደብር ተቀጥራ ሄደች። ሽማግሌው ሳሩን እንጂ ገደሉን አላዩም ነበር።

«ታዲያ የወንድና የሴት አጠቃቀም አይለያይም ልትዪኝ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ይለያያል፣ አባባ። ግን እርስዎ እንዳሰቡት አይደለም። ሰው በተሰበሰበበት ጠይቃ የተሳቀባት ሴት ሁለተኛ እዚያ አትጠይቅም፤ በጓሮ በር ትመጣለች። የገጹን የግል መልእክት ማን ነው የሚያነበው?»

«እሱንማ የምታነበው ልጄ ነበረች።»

«ከሄደች ወዲህስ?»

ስልካቸውን አቀበሏት፤ ከፍታ ታነብላቸው ጀመር። አንዷ ብቻዋን የምትኖር ናት፤ የበሯን ቁልፍ ራሷ መቀየር ፈልጋለች። ሌላዋ ለኮንክሪት ግድግዳ የሚሆን ድሪል ትጠይቃለች። «ያቺ የቧንቧዋ ልጅ የት ገባች? እሷ ስታስረዳ ይገባን ነበር» የሚሉም ነበሩ፤ ከእነሱም ውስጥ ወንዶች አሉ። ለአንዱም መልስ አልተሰጠም። ሮዝ መዶሻ የጠየቀ አልነበረም።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «የጮኸውን ሁሉ ገዢ አደረግኩት» አሉ። «ከዚያ ሁሉ ሳቂ እኮ አንድ ብሎን የገዛኝ የለም።»

«ማስታወቂያው ዕቃው ምን እንደሚሠራ ይናገር፣ አባባ፤ ለማን እንደሚገባ አይፍረድ። ወንዱም ቢሆን ድሪል ይዞ አልተወለደም፤ የማያውቀው አፍሮ ዝም ይላል። በወግ መልስ ያገኘ ሰው ግን ጎረቤቱንም ይዞ ይመጣል። ተሳዳቢውን ከገጹ ያስወጡት እንጂ የተሰደበችውን አያስወጧት።»

ነገሩ ገባቸው። እዚያው በረንዳው ስር ልጃቸው ጋ ደወሉ።

«ልጄ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትዪኝ ይሆናል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያቺን የቧንቧ ቪዲዮሽን መልሰን እንለጥፋት። አንቺም ነይ፤ ገጹ ያንቺ ይሁን።»

«ይህን በማለትህ ደስ ብሎኛል፣ አባዬ። ግን እዚህ ለምጃለሁ፤ የመደብሩን ገጽ የምሠራውም እኔ ነኝ። አልመለስም።»

«ቪዲዮዋስ?»

«አጥፊው አልከኝ እኮ። አጠፋሁት።»

ሽማግሌው እንደተመከሩት አደረጉ። ማስታወቂያቸው አሁን ወንድ ሴት ሳይል ለሁሉም ይታያል፤ ጠዋት ከመደብሩ በር በፊት የመልእክቱን ሳጥን ይከፍታሉ። ቁልፏን ራሷ የቀየረችው ሴት እህቶቿን ይዛ መጣች፤ ገበያውም ነፍስ ዘራ። መልካም ነው። ነገር ግን «የቧንቧዋ ልጅስ?» እያለ የሚጠይቅ እስከ ዛሬ አይጠፋም። ሽማግሌው መነጽራቸውን ያደርጉና፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ የሌላውን መደብር አድራሻ ጽፈው ይልኩለታል።