አሮጊቷ መርከብ

ከአየር ጤና ወደ ኮልፌ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ላለው ጎልማሳ ያወራሉ።

«ዱባይ ያለችው ልጄ በመርከብ ላንሸራሽርሽ አለችኝ። መርከቧ ግን አሮጊት ናት አሉ።»

«ምን አለበት እማማ? እኔ ጋራዥ ነው የምሠራው። ያረጀ ሞተር ጠባዩ ይታወቃል፤ የሚያስቸግረው አዲሱ ነው።»

«እንደ ባል በለኛ!»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

«ደግሞ ይቺ ታክሲ ከመርከቧ ሳትብስ ትቀራለች? በሯ እኮ በገመድ ነው የታሰረው።»

«እዚህማ ሲጨንቀኝ ‹ወራጅ አለ› ብዬ እወርዳለሁ። ባሕር መሃል ማን ያወርደኛል?»

«ለምን ይወርዳሉ? አልጋው እዚያው፣ ምግቡ እዚያው!»

«ታዲያ ይህን ከመጀመሪያው አትነግረኝም? በቃ፣ እሄዳለሁ!»

የምወርድበት ፌርማታ በመስኮቱ ሲያልፍ እያየሁ፣ ወሬያቸው እንዳያመልጠኝ ‹ወራጅ አለ› ሳልል ቀረሁ።