መንፈቅ ያልተከፈተ

ነይ እስቲ አረፍ በይ ሰኪና። በርጩማዋን ተያት፣ ይቺ ካርቶን ትሻልሻለች፤ ዚፕ ነው ያለባት፣ አትጎብጥም። ዝናቡ እንዴት አረገሽ? ከዚህ እስከ ተክለ ሃይማኖት ጭቃ ነው አሉ። ወዛደራችን ዱባለ ጠዋት ጣቃ ተሸክሞ ሲንሸራተት አይቼው ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር። ሻይ ይምጣልሽ? ቀስ ብለን ነው ታዲያ የምናወራው፤ ልጄ ከኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ሥራ ላይ ሲሆን አይሰማም። ሥራ ላይ ሳይሆንም… ተይው፣ ልጅ ነው።

ሱቁን አየሽልኝ? ያን የካይዘን ሥልጠና ወስዶ ከመጣ ወዲህ ነው እንዲህ ያማረው። ሁሉም ነገር ቦታ አለው። እኔም ቦታ ተሰጥቶኛል፤ ይኸው እዚህ፣ ከሒሳብ መኪናው ጎን። አምስቱ ማዎች የሚላቸው አሉት፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት… የቀሩት ይጠፉኛል፣ እሱ ግን እንደ ውኃ ነው የሚያወርዳቸው። አቡነ ዘበሰማያት ላይ ይደናቀፋል እንጂ እዚህ ላይ አንዲት አያዛንፍም። ሰው የሚጠቅመውን ነው የሚይዘው፣ አይደል?

ባለቤቴ ፍስሐ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ታውቂው የለ፣ አዝራሩን በኒዶ ጣሳ ነበር የሚያስቀምጠው። ከውስጧ አንዷን አዝራር ጣሳው ላይ በክር ያስራል፣ አለቀ። መብራት ቢሄድ እንኳ ዳብሰሽ ታገኛታለሽ። ኋላ ቀር ነበራ።

አሁን ሁሉም እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። መጀመሪያ የፎቶውም የወረቀቱም ፋይል ዝርክርክ ብሎበት ነበርና፣ የመርካቶ ልጅ አይደል፣ እንደ መርካቶ በተራ በተራ መደበው። አዝራር ተራ፣ ዚፕ ተራ፣ ክር ተራ፣ ግብር ተራ። ለኛም አልነፈገንም፤ ቤተሰብ ተራ ብሎ ሰጠን። ከአርባው ማግስት አልበሙን ገጽ በገጽ እየገለጠ ስካን አደረገው። ሠርጋችን አለ፣ የሱ ክርስትና አለ፣ ፍስሐ ከአገሩ የመጣ ሰሞን አውቶቡስ ተራ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብሎ የተነሣው አለ። እንባዬ እየወረደ ነው የመረቅኩት። ከዚያ አልበሙ ቦታ ይይዛል አለና ከጣሳዎቹ ጋር ለቆራሌው ሰጠው። ለአልበሙማ ዋጋ አልተጠየቀበትም፤ በምርቃት ነው የሄደው። ቸር ነው ልጄ።

አንድ ደንብ አለችው፣ ከሁሉም እሷን ነው የምወድለት። ሱቅ ውስጥ መንፈቅ ሙሉ ማንም ያልነካው ዕቃ ቦታ አይይዝም። ኮምፒውተሩም እንደዚያው፤ መንፈቅ ያልተከፈተውን ራሱ እያየ ያጠፋል። ፕሮግራም ነው አሉ፣ የሰው እጅ የለበትም። ፍላሽ ላይ ሌላ አታስቀምጥም ወይ ብለው፣ አንድን ነገር ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ብክነት ነው አለኝ። እናት ስትባል አንድ፣ አባት ሲባል አንድ፣ እኛስ መቼ ትርፍ አለን? እኔ እንደሆን መክፈቻውን አላውቅም። የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

እሑድ ሙት ዓመቱ አይደል? ራጉኤል ጸሎት ከተደረገ በኋላ ቤት ሰው ይገባል፣ ፎቶው ይጉላና ግድግዳው ላይ ይሰቀል አልኩት። እሺ አለኝ፣ መቼ እምቢ ይላል? ሥርዓቱ እንከን የለውም ሰኪና፤ ቤተሰብ ተራን ወዲያው ነው ያገኘው። ባዶዋን። ከዚያ እዚያም እዚህም ሲነካካ ዋለ።

«እኔ አላጠፋሁትም እማዬ፣ ሲስተሙ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ለምን ይዋሻል? ሲስተሙ የከፈተና ያልከፈተ ብቻ ነው የሚያውቀው። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይላሉ፤ ኮምፒውተር ደግሞ ልብ የለው፣ በማን ይፈረዳል? ያልወለደ አንጀት ጨካኝ ነው ሲሉ እሰማ ነበር… ስለተወለደውስ ምን ተብሏል? አንቺ ብዙ ታውቂያለሽ ብዬ ነው። እኔ አንጀቴ እርር ብሏል፣ አልደብቅሽም። ፊቴን ግን እይው፣ የተስተካከለ ነው።

ደግሞ ባዶ እጄን አልቀረሁም። ዚፕ ተራ ውስጥ አንድ ተገኘ። ለደንበኛ የሚላክ የናሙና ፎቶ ነው፤ ቡናማ ዚፕ፣ ዚፑን የያዘ እጅ። ያቺን መቀስ የበላትን አውራ ጣት ታስታውሻታለሽ? እሷ ናት። ዚፑን ደንበኛ በየቀኑ ይጠይቃል፣ በየቀኑ ይከፈታል፣ ስለዚህ ተረፈች። እሱ አልፏት ሊሄድ ሲል እኔ ነኝ ያስቆምኩት። ይቺ የአባትህ እጅ ናት አልኩት።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

ጠንቃቃ ነው፣ ዝም ብሎ አይቀበልም። ፎቶ ቤት ወስጄ አስጎላኋት። ልጅቷ ዚፑን ልቁረጠው ወይ ብትለኝ ተዪው አልኳት፤ ሰውየውን ያቆየው እሱ ነው። ከሞቱ አሟሟቱ ይባል የለ? ፍስሐ ሁለቴ ሞቶ ሁለቴም በሥርዓት ነው የሄደው።

እሑድ እንዳትቀሪ። ለናንተ ለብቻው ነው፤ ከናንተ ሙናዊር ያርዳል፣ ድስቱም ከናንተው ቤት ይመጣል። ገብተሽ ግድግዳው ላይ ዚፕ ብታዪ ለንግድ ያሰቀልኩት እንዳይመስልሽ። አጠገቡ ያለውን እጅ እይና ነፍስ ይማር በይልኝ።

ሻይሽ ቀዘቀዘ… ልጄ፣ ሰማኸን እንዴ? ምንም አይደል፣ አንተን እያመሰገንን ነው። ተባረክልኝ። ዕድሜህን ያርዝመው፣ ወልደህ ሳም። የምትወልደውም ቁርጥ አንተን ይሁን፤ ቀንህ ሲደርስ እንዲህ ባማረ ቦታ ያስቀምጥህ፣ ከቻለም መንፈቅ ሳይሞላ አንዴ ይክፈትህ። አሜን በይ እንጂ ሰኪና።